አንዲቷ አተር

(ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከሰዓት በኋላ። ሁለት ጡረተኛ መምህራን ግቢው ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሀብተሥላሴ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል፤ ዕድሜ ልኩን ላጤ ነው። ዋቅሹማ ከዘራውን ይዞ ያዳምጣል፤ ሚስቱ ተናኘወርቅ ካረፈች ነገ ዓመት ይሞላታል። ሦስቱም በወጣትነታቸው በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምረዋል። ነገ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ሐውልቷ ሲመረቅ የሕይወት ታሪኳ ይነበባል። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም፤ የሕንፃው ምድር ወለል ላይ ያለው ማተሚያ ሱቅም ሊዘጋ ነው።)

ዋቅሹማ፦ ሰዓት ያዥ አልነበረችም።

ሀብተሥላሴ፦ ነበረች እንጂ። የክርክር ማኅበራችንን ሰዓት የያዘው ማን ነበር ታዲያ፣ አንተ?

ዋቅሹማ፦ ሰዓቱ የዳይሬክተሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ተናኜ የያዘችው ደወል ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ሰዓት ያዥ ማለት የግድ ሰዓት የያዘ ማለት አይደለም።

ዋቅሹማ፦ ምን የያዘ ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ምንም ያልያዘ ሊሆን ይችላል። የተናጋሪውን ጊዜ የሚጠብቅ ነው።

ዋቅሹማ፦ እንግዲያው ጠባቂ በላት።

ሀብተሥላሴ፦ ጠባቂ ካልኩ ሰው ዘበኛ ነበረች ይላል።

ዋቅሹማ፦ ደወል መቺስ?

ሀብተሥላሴ፦ ደወል መቺ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

ዋቅሹማ፦ አሁን ያለችው እዚያ አይደለም እንዴ?

(ሀብተሥላሴ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ዋቅሹማን በድሮ ቅጽል ስሙ ይጠራዋል።)

ሀብተሥላሴ፦ ስማኝ አተር። የሥነ ጽሑፍና የክርክር ማኅበሩ ጸሐፊ ማን ነበር?

ዋቅሹማ፦ አንተ።

ሀብተሥላሴ፦ ግጥም አንባቢውስ?

ዋቅሹማ፦ አንተ።

ሀብተሥላሴ፦ አንተስ ምን ነበርክ?

ዋቅሹማ፦ ወንበር ደርዳሪ።

ሀብተሥላሴ፦ ስለዚህ?

ዋቅሹማ፦ ስለዚህ ደወሉን ያየሁት እኔ ነኝ። የሷን ወንበር ሳስቀምጥ ቶሎ አልጨርስም ነበር።

ሀብተሥላሴ፦ እሺ፣ ደወል ይሁን። ዝም ብለህ አዳምጥ። (ያነባል) «ወይዘሮ ተናኘወርቅ ገና በወጣትነታቸው በዳኞች ፊት በተደጋጋሚ ቀርበው...»

ዋቅሹማ፦ ምን ሠርታ?

ሀብተሥላሴ፦ ምን ሠርታ ማለት?

ዋቅሹማ፦ እዚህ ሰፈር ዳኛ ፊት ቀረበች ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ እዚያ ማዶ ነው። ከኛ ፎቅ ነዋሪ ግማሹ ጠበቃ ነው። ነገ ሐውልቷ አጠገብ ቆመው፣ ተፈርዶባት ነበር ወይስ በነፃ ወጣች እያሉ ሲያንሾካሽኩ ይውላሉ።

ሀብተሥላሴ፦ የክርክር ዳኞች እኮ ናቸው።

ዋቅሹማ፦ የፍርድ ቤቶቹስ የምን ዳኞች ናቸው?

(ሀብተሥላሴ ይሰርዛል።)

ሀብተሥላሴ፦ ዳኛ ወጣ። «በዚያን ቀን የቀረበው ርዕስ ላጤነት ከትዳር ይሻላል የሚል ነበር። ደጋፊውን ወገን የመሩት ስመ ጥሩው ተናጋሪ አቶ ሀብተሥላሴ ሲሆኑ፣ ተቃዋሚውን ወገን የመሩት ደግሞ በኋላ የሟች ባለቤት የሆኑት አቶ ዋቅሹማ...»

ዋቅሹማ፦ ተቃዋሚ አትበለኝ።

ሀብተሥላሴ፦ ተቃዋሚ ነበርክ እኮ።

ዋቅሹማ፦ ቀስ በል ሰውዬ። ልጄ ናዝሬት መንግሥት ቤት ነው የምትሠራው። ጽሑፉን የምታነበውም እሷ ናት። አለቃዋ ቆሞ እየሰማ፣ አባቴ የተቃዋሚ መሪ ነበሩ ትበል?

ሀብተሥላሴ፦ የተቃወምከው መንግሥትን አይደለም፤ ላጤነትን ነው።

ዋቅሹማ፦ እንደሱ ብለህ ጻፍ።

ሀብተሥላሴ፦ «የላጤነት ተቃዋሚ» ልበል?

ዋቅሹማ፦ እሱማ ምን ችግር አለው። ከአንተ በቀር የሚቀየም የለም።

(ሀብተሥላሴ ይጽፋል፤ ፊቱ አልተፈታም። ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል።)

ሀብተሥላሴ፦ «አቶ ሀብተሥላሴ ያን ዕለት ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ያለ ወረቀት፣ በተረጋጋ አንደበት...»

ዋቅሹማ፦ የሷ ስም የት አለ?

ሀብተሥላሴ፦ ይመጣል።

ዋቅሹማ፦ መቼ?

ሀብተሥላሴ፦ ግጥሙ ሲያልቅ።

ዋቅሹማ፦ የምን ግጥም?

ሀብተሥላሴ፦ ክርክሩን የከፈትኩበት ነዋ። አዳራሹ ጣራው እስኪነሣ ያጨበጨበለት። አታስታውስም?

«ላጤ ደስ ይበለው፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣
ከራሱ በስተቀር ድምፅ የሚሰጥ ማነው?»

ዋቅሹማ፦ ይሄ ሚስቴ ሐውልት ላይ ሊነበብ ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ሰምና ወርቅ ነው፣ አተር። ሰሙ፣ ላጤ ቤት ውስጥ ጫጫታ የለም። ወርቁ፣ ላጤ በቤቱ መራጭም ተመራጭም ራሱ ነው። ወጡንም አልጋውንም ሲመርጥ ድምፅ የሚሰጥበት ሌላ ሰው የለም።

ዋቅሹማ፦ ሰሙን አገኘሁት።

ሀብተሥላሴ፦ ወርቁስ?

ዋቅሹማ፦ ወርቁ ትንሽ ራቀኝ።

ሀብተሥላሴ፦ አንተ ወርቅ መቼ ይገባሃል። ይኸው አሁን እሷ መጣች። «ድምፅ የሚሰጠው ወረቀት እንዳይባክን በጥራጥሬ ነበር። ደጋፊውን የመረጠ ባቄላ፣ ተቃዋሚውን የመረጠ አተር በእጁ ጨብጦ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ጣሳው ሲገለበጥ ባቄላው ጠረጴዛውን ሞላው። ሟችም በአቶ ሀብተሥላሴ ንግግር ተማርከው ድምፃቸውን ለደጋፊው ወገን...»

ዋቅሹማ፦ እሷን ሰርዝ።

ሀብተሥላሴ፦ የቷን?

ዋቅሹማ፦ ድምፃቸውን የምትለዋን። የተናኜ ድምፅ እኔ ቤት ነበር።

ሀብተሥላሴ፦ አይ አተር። ልጆቿን የምትጣራበትን ድምፅ አይደለም እኮ የምልህ። የምርጫ ድምፅ ነው።

ዋቅሹማ፦ እኔም እሱን ነው የምልህ።

(የዋቅሹማ ስልክ ይጮኻል። አንሥቶ፣ ደርሰናል፣ አንዲት መስመር ብቻ ናት የቀረችን ይላል። ከወዲያ በኩል ናዝሬት ብዙ ታወራለች። እሺ፣ እሺ ብሎ ይዘጋል።)

ዋቅሹማ፦ ባለ ሱቁ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ነው ትላለች። ሰርዛትና ልውሰደው።

ሀብተሥላሴ፦ ከጽሑፉ ሁሉ ዋናዋን ነው ሰርዝ የምትለኝ። እሷን ካወጣሁ እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምን እሠራለሁ?

ዋቅሹማ፦ እኔም ከጀመርክ ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።

ሀብተሥላሴ፦ ባቄላ ነው የጣለችው። ራሷ ነግራኛለች። እንዳበቃ ቀጥ ብዬ ወደሷ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲኒማ ልጋብዛት ነበር ሐሳቤ። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችና «አሳመንከኝ» አለችኝ።

ዋቅሹማ፦ ከዚያስ?

ሀብተሥላሴ፦ ከዚያማ ሰዉ ትከሻው ላይ አነሣኝ። ሲኒማውን ረሳሁት። አሳመንከኝ ለተባለ ሰው ሲኒማ ምን ያደርግለታል?

ዋቅሹማ፦ ቀሪውን አልሰማህም ማለት ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ቀሪ አለው?

ዋቅሹማ፦ ወንበር ስሰበስብ ከጎኗ ነበርኩ። «አሳመንከኝ፤ አንተስ ባታገባ ይሻላል» ነው ያለችህ።

(ሀብተሥላሴ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።)

ሀብተሥላሴ፦ ይህ ለኔ ድምፅ መስጠቷን አያስተባብልም። አዳራሹ በሙሉ ባቄላ ነው የጣለው።

ዋቅሹማ፦ አንዲት አተር ነበረች።

ሀብተሥላሴ፦ እሷንማ የጣልካት ራስህ ነህ። ይሄን ሁሉ ዘመን አተር የምልህ ለምን መሰለህ?

ዋቅሹማ፦ ተከራካሪ ድምፅ አይሰጥም። ሕጉን የጻፍከው አንተ ነህ።

ሀብተሥላሴ፦ ጽፌያለሁ። አንተ ግን ሕግ መቼ ይገባሃል። ጨለማ ተገን አድርገህ ለራስህ ጣልክ።

ዋቅሹማ፦ አልጣልኩም።

ሀብተሥላሴ፦ ታዲያ ማን ጣለ? ወጥ ቤቱ?

ዋቅሹማ፦ ደወሉን የያዘችው።

(ሀብተሥላሴ መነጽሩን መልሶ ያደርጋል፤ ዋቅሹማን እንደ አዲስ ያየዋል።)

ሀብተሥላሴ፦ ተናኘወርቅ?

ዋቅሹማ፦ በማግሥቱ ነገረችኝ። «ያን ያህል ሰው እየሳቀብህ፣ ትዳር ይሻላል ማለትህን ትተህ ካልተቀመጥክ፣ የምርህን ነው ማለት ነው» አለች። ወገን የሚከፈለው በዕጣ ስለነበር፣ እኔ የምሬን ይሁን የዕጣዬን ገና አላወቅኩም ነበር። እሷ ስትለው የምሬ ሆነ።

ሀብተሥላሴ፦ ዕጣ ነው እንግዲህ። ዕጣው ላጤነትን ስለሰጠኝ ነው እንጂ፣ እኔም ስለ ትዳር መናገር አያቅተኝም ነበር።

ዋቅሹማ፦ ላንተ የወጣልህ ትዳር ነበር።

ሀብተሥላሴ፦ ኧረ ተው።

ዋቅሹማ፦ ላጤነት የወጣው ለኔ ነው። ማታ መኝታ ቤት መጥተህ፣ ለውጠኝ፣ ትዳር ላይ ቀልድ የለኝም ብለህ ለመንከኝ። እኔ ደግሞ በየትኛውም ቢሆን ቀልድ አልነበረኝም። ለወጥኩህ።

(ከደጅ የታክሲ ረዳት ተክለ ሃይማኖት፣ ተክለ ሃይማኖት እያለ ሲጣራ ይሰማል።)

ሀብተሥላሴ፦ ይህን ሁሉ ዓመት ይዘህ ዝም አልክ?

ዋቅሹማ፦ አስምላኝ ነበር። «እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግረው፤ ከዚያ ክርክር ሌላ የሚያወራው የለውም፣ እሱን ከቀማነው ቤታችን መጥቶ ምን ሊያወራ ነው?» አለች።

ሀብተሥላሴ፦ ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርከኝ?

ዋቅሹማ፦ ነገ በድንጋይዋ ፊት ባቄላ ጥላለች ልታስብል ነው። ስለ ኮትህ የፈለግከውን ብትጽፍ እችለዋለሁ። እሷ ያደረገችውን ግን እንዳደረገችው ነው የምፈልገው። ከዚህ በኋላ ተነሥታ፣ እንዲህ አይደለም አትልም።

(ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ያያል። ከዚያ በድንገት ቀና ይላል።)

ሀብተሥላሴ፦ ቆይ። ቤታችሁ ምሳ በጠራችሁኝ ቁጥር...

ዋቅሹማ፦ አዎ።

ሀብተሥላሴ፦ ፋሲካም ቢሆን፣ ዶሮው አጠገብ፣ በትንሽ ሳህን...

ዋቅሹማ፦ አተር ክክ።

ሀብተሥላሴ፦ በአንተ የምትቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር እኮ።

ዋቅሹማ፦ እሷም ትስቅ ነበር።

ሀብተሥላሴ፦ አንተስ?

ዋቅሹማ፦ እኔ እበላ ነበር።

(ሀብተሥላሴ መሳቅ ይጀምራል። ሊያቆም ይሞክራል፤ አልሆነለትም። ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ይጠርጋል።)

ሀብተሥላሴ፦ እንግዲህ ያ ሁሉ ባቄላ ምን ሊረባኝ ነበር?

ዋቅሹማ፦ አሸንፈሃል እኮ። ማን ካደህ? አዳራሹ በሙሉ የአንተ ነበር። አዳራሹን በሙሉ ልታገባ ነበር እንዴ? እኔ አንድ ድምፅ ነበር የሚበቃኝ።

ሀብተሥላሴ፦ እኔም ወርቅ አይገባህም እልሃለሁ።

ዋቅሹማ፦ ወርቁማ ገብቶኛል። ቤቴ ድረስ ነው የገባው። ስሟ ማን ነበር?

ሀብተሥላሴ፦ ተናኘ... (ያቆማል) ወርቅ። ይህን አሁን ነው ያሰብከው ወይስ ይዘኸው ኖረሃል?

ዋቅሹማ፦ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ። የምናገርበት ወረፋ አልደረሰኝም።

(ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ይጽፋል። ዋቅሹማ ከዘራውን እያሽከረከረ ይጠብቃል።)

ሀብተሥላሴ፦ እስቲ ስማ። «በኮሌጁ የክርክር ማኅበር ውስጥ ደወሉን የሚይዙት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። አንድ ቀን ላጤነት ከትዳር ይሻላል በሚል ርዕስ ክርክር ተደረገ። አዳራሹ ሁሉ ባቄላ ሲጥል፣ እሳቸው ብቻቸውን አተር ጣሉ። ከዚያም የጣሉለትን ሰው አገቡ።»

ዋቅሹማ፦ አንተስ?

ሀብተሥላሴ፦ እኔ ባቄላው ውስጥ አለሁ።

ዋቅሹማ፦ ግጥሙስ?

ሀብተሥላሴ፦ ወጣ።

ዋቅሹማ፦ ግጥሙ እንኳ ጥሩ ነበር። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ቤቴ ጸጥ ብሎ ሳዳምጠው ከረምኩ። «ደስ ይበለው» የምትለዋ ብቻ ናት ልክ ያልሆነችው።

(ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ያጥፍና ይዘረጋዋል።)

ሀብተሥላሴ፦ ልክ አይደለችም። ያኔም አልነበረችም። ቤት እንድትመታልኝ ነው የከተትኳት።

ዋቅሹማ፦ ገጹ ሞላ?

ሀብተሥላሴ፦ ኧረ ገና ግማሹ ባዶ ነው።

ዋቅሹማ፦ ፎቶዋን ትልቅ እናድርገው። ደወሉን ይዛ የተነሣችው አለኝ።

(ይነሣሉ። ወደ ማተሚያ ሱቁ እያዘገሙ ነው። ሀብተሥላሴ ከኋላ ቆም ይላል።)

ሀብተሥላሴ፦ ነገ ከምረቃው በኋላ ምሳ አንተ ቤት ነው አይደል?

ዋቅሹማ፦ እኔ ቤት ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ምን ተሰናዳ?

ዋቅሹማ፦ ለእንግዳው በግ ታርዷል።

ሀብተሥላሴ፦ ለእንግዳው? እኔስ?

ዋቅሹማ፦ ያንተ ለብቻው ነው። በትንሿ ሳህን። ለናዝሬት አደራ ብላት ነው የሞተችው።