የዘይነባ የውሃ ተራ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መብቱን የተነጠቀ አይመስለኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ ባይገባበትም ፍርድ ይገባበታል።

ከደብረ ሲና ብርድ ወርጄ ሸዋ ሮቢት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በትንሽ ከተማ መምህር መሆን ደግሞ ጸሐፊነት ይከተለዋል። ዕድር ቢሰበሰብም ሽማግሌ ቢቀመጥም «መምህር ይጻፍልን» ነው። ባለፈው በጋ የመስኖ ውሃ ሲያንስ ለሽምግልና የተጠራሁትም በዚሁ ማዕረጌ ነበር።

ጠበኞቹ ሁለት ናቸው። ሰይድ ከቦይው ራስ ላይ ሰፊ የሽንኩርት ማሳ አለው። ዘይነባ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አጣዬ ላይ ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ እዚህ መጥታ ከቦይው ጫፍ ላይ ቁራሽ መሬት ተከራይታ ታርሳለች። የሐሙስ የውሃ ተራዋን ሰይድ ወሰደባት። ሽንኩርቷ አንድ ሳምንት ሳይጠጣ ከከረመ ደግሞ ያበቃለታል።

እሷ ተራው የእኔ ነው አለች። ሰይድ ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ተራውን ያጣል፣ ይህ የሁላችንም ደንብ ነው፣ እሷ አልወጣችም አለ። እሱም በዚያ ቀን አልወጣም፤ ግን በዚያው ጠዋት እናቱ ስለሞቱ ማንም አልጠየቀውም። ዘይነባ ሻሿን አስተካከለችና ዝም አለች።

ይኼኔ ስልኬን አወጣሁ። እዚያ ላይ የጫንኩት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክርክር ሲመዝን አይቻለሁ፤ ደግሞስ ከስሌት በላይ ፍትሐዊ ምን አለ? አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሐሳብ ይቀርባል፣ ሌላ ሐሳብ ይመታዋል፣ የመታውን መልሶ የሚመታ ከጠፋ እሱ ጸንቶ ይቆማል። ሽማግሌዎቻችን ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ስልኩ ምሳ አይጋበዝም። ሁሉንም አስገባሁና ውጤቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ የዘይነባ ሐሳብ ተመትቷል፣ የሰይድን የመታ የለም፣ ተራው የሰይድ ነው። አንዳንዱ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም፣ መቼም አልዋሽም፣ ትንሽ ኮራሁ።

ሽምግልናውን የሚመሩት ሐጂ ያሲን ግን ዓይናቸውን ከዘይነባ ላይ አላነሱም።

«ልጄ፣ የጠረጋው ዕለት የት ነበርሽ?»

«ይቅር ሐጂ፣ ልናገረው አልሻም።»

«ለምን?»

«ለአላህ ብዬ የሠራሁት ነው። ባወራው ከእሱ የምጠብቀው አጅር ይጠፋብኛል።»

ሐጂ ትንሽ አሰቡና፣ ሐቅን መደበቅም ያስጠይቃል፣ ዛሬ የምትናገሪው ለጉራ ሳይሆን ለሐቅ ነው አሏት። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ ሰው ቤት ነበርኩ አለች። የማን ቤት እንደሆነ ሲጠይቋት ቀስ ብላ ወደ ሰይድ ዞረች።

«የእናቱ። ጀናዛቸውን ካጠቡት አንዷ እኔ ነኝ።»

በተሰበሰብንበት ማንጎ ጥላ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሰይድ መለሰ። ሰይድ ያን ዕለት ከወንዶቹ ጋር ውጭ ነበር፤ እናቱን እነማን እንዳጠቡ አልጠየቀም፣ ማንም አልነገረውም። ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ከዚያ ተነሣና ከፊቷ ቆመ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት። ቀጥታ ወደ ቦይው ሄዶ በገዛ እጁ ጭቃውን ከፈተና ውሃውን ወደ ታች ለቀቀው። የራሱን ቀጣይ ተራም ጨመረላት።

እኔ ደግሞ የዘይነባን መልስ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው ፍርዱን ገለበጠ፤ ሐፍረት የለ፣ ጥምጣም መፍታት የለ፣ ስለ ተጨማሪው መረጃም አመሰገነኝ።

ከዚያ ወዲህ ገበያውም ባጃጁም «የመምህሩ ስልክ ተሳሳተ» ሲል ከረመ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ግን አንድ ነገር አለ። ስልኩ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት «ሴትዮዋ ያልወጣችበት ምክንያት አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቀና ብዬ እሷን እንደ መጠየቅ፣ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩለት።

ሐጂ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቆም ይሉና «መምህር፣ ያ ስልክህ ሰው መጠየቅ ተማረ ወይ?» ይሉኛል።

«እየተማረ ነው ሐጂ» እላቸዋለሁ።