ጄኔሬተሩ እየሳለ የመረቅነው ፊደል

ልጅ ሲወለድ ክርስትና ይነሣል፤ ቤት ሲሠራ ይመረቃል። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባስ ምን ይደረግለታል? ለጨዋታ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ በዚህ የተነሣ የሰቆጣ ተማሪ ሁሉ ያለ መጽሐፍ ሊቀር ነበር።

የዋግ ቋንቋችን ኽምጣንጋ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ፊደሉ ጘ ነው፣ ቆብ የደፋ «ገ» በሉት። ብዕር ያውቀዋል። ዘጠናዎቹ በባቱ ሰሞን የመጣልን ኮምፒውተር ግን ጨርሶ አያውቀውም። መምህርት ዝናሽ የመጀመሪያውን የንባብ መጽሐፍ ስትተይብ ፊደሉ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይደቀናል። በመጨረሻ ራሷ ልትሥለው ቆረጠች፤ እኛ ሽማግሌዎችም መልኩን እንድናጸድቅ ተጠራን።

መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ናፍጣው እያለቀ ይስላል። መጽሐፉ የሚቀዳበትን ዲስኬት ደሴ ማተሚያ ቤት የሚያደርሰው መኪና ደጅ ላይ ጡሩንባውን ያምባርቃል፤ እሱ ካመለጠ ትምህርት ያለ መጽሐፍ ሊከፈት ነው።

የጽጽቃው አያ ቢምረው ስክሪኑን በአፍንጫቸው ሊነኩት ደረሱ።

«ቆቡ ተንጋዷል! ከሠርግ የሚመለስ ሰካራም አስመሰልሽው እኮ!»

አቃናችው።

«አሁን ሰው ሆነ። በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ።»

«አያ፣ መጀመሪያ ላስቀምጠው፤ ሊጠፋብን ነው!»

«ሳይመረቅ? ምነው ልጄ! ዘርጊ!»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ እየመረቀ የተዘረጋ እጅ አይታጠፍም። ዝናሽ መዳፎቿን ዘረጋች፤ ዓይኗ ግን ከማስቀመጫው ቁልፍ አልተነቀለም። አያ ቢምረው ከዝናቡ ጀመሩ፤ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ንቡ ተሻገሩ። እመኑኝ፣ ላሊበላ በእግር ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር! ስክሪኑ ተርገበገበ። የዝናሽ ላብ ጠብ አለ። ገና የዋግን ወንዞች በየስማቸው ሊጠሩ ሲሉ አላስቻለኝም፤

«አሜን! ይሁን! ይደረግ!» ብዬ ጮኽሁ።

ዝናሽ ቁልፉን መታች። ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ፊደሉ ይዳን ይጥፋ ማን ይወቅ? ዲስኬቱን እንዲሁ ላክነው። አያ ቢምረውም ሰላምታ ነፈጉኝ።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ገለጥነው፦ ሳጥን፣ ሳጥን፣ አሁንም ሳጥን። ኋላ እንደተነገረን፣ ዝናሽ የሣለችው ፊደል ከኛው ኮምፒውተር ጋር ሰቆጣ ቀርቶ ኖሯል፤ የደሴው ማሽን ከየት ይወቀው?

አያ ቢምረው ይህን ማብራሪያ በአንድ ጆሯቸው እንኳ አላስገቡትም። «ምርቃቴን ቆረጥክ! ይኸው ፊደሉም ተቆረጠ!» አሉኝ፣ በመጽሐፉ ደረቴን እየነረቱ።

ዝናሽ ግን አላለቀሰችም። ተማሪዎቿን እርሳስ አስያዘቻቸው፤ እነሱም በየሳጥኑ ውስጥ ፊደሉን ጻፉ። አንዳንዱ ቆብ ተንጋዷል፤ ያን ቀን ማንም ሰካራም አላለው። አያ ቢምረውም ከፊታቸው ቆመው እጅ አዘረጉና ምርቃታቸውን ካቋረጥኩባቸው ወንዝ ቀጠሉ።

እርሳስ ናፍጣ አይጠጣም። እጄን ዘርግቼ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሰማሁ።