የፊታውራሪ ገድሉ ነጭ ሽጉጥ

ዋንዛ በር ከተማ ውስጥ መሣሪያ የሚጠግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባዘዘው ይባላል። ሙያውን የተማረው አሥመራ፣ ከአንድ ጣሊያን ወርክሾፕ ነው። የደበዘዘውን ሽጉጥ መልሶ ያጠቁራል፣ የዛገውን ይወለውላል፣ ለፈለገም ኒኬል ያለብሳል። ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ስላለ ወንዶች እዚያ ተቀምጠው ስለ ሽጉጥ መልክ ሲከራከሩ ይውላሉ።

ቆላ ወርደው የሚነግዱት የማይዝገውን ብረት ይመርጣሉ፤ «ላብ ይችላል፣ የትም ብትወስደው መልኩን አይለውጥም» ይላሉ። ባላገሩ ጥቁሩን ይወዳል፤ ያንን ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ የሚመታውን። ባለማዕረጎቹ ደግሞ ከኒኬል ሌላ አይታያቸውም፤ ነጭ ሆኖ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ፣ ሰርግ ላይ ከወገብ ሲታይ ዓይን የሚስብ።

አንድ ቀን ባዘዘውን ፍርድ ስጠን አሉት።

«ጥቁሩን የሚወድ ሲተኩስ እንዳይታይ ነው» አለ ከሥራው ቀና ሳይል። «ነጩን የሚወድ ሳይተኩስ እንዲታይ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ ያልተቀባውን እወዳለሁ። የተቀባ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል።»

ሳቁ። ወዲያው ግራና ቀኛቸውን አይተው ሳቃቸውን ዋጡት።

የዋንዛ በር ገዥ ፊታውራሪ ገድሉ ከጥቁሮቹ ወገን ነበር። ሽጉጡ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ጥቁር፣ እጀታው ላይ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ኒኬል የያዘ ባየ ቁጥር «ይኼ የሙሽራ ዕቃ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። በሄደበት ሁሉ ከወገቡ ስለማይለይ ሽጉጡን የማያውቅ ልጅ እንኳ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ፊታውራሪ የከተማውን የግጦሽ ሜዳ አጥሮ ከራሱ ርስት ጋር ሊቀላቅል ፈለገ። በገበያ ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ ትእዛዙን አሰማ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ አንድ ሰው ብድግ አለ፤ አበራ ነው፣ የባዘዘው እህት የትርንጎ ባል። ከብት አርቢ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰው ነበር።

«ፊታውራሪ፣ ሜዳውን ማጠሩንስ ይጠሩት» አለ። «ብቻ ላሞቹን ሰብስበው እርስዎው ይንገሩልን። እኛ ብንነግራቸው አያምኑንም።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አበራን የገደለው ያ ሳቅ ነው። ፊታውራሪ ጥቁሩን ሽጉጥ መዘዘና አንድ ጊዜ ተኮሰ። አበራ እንደ ደከመው ሰው መጀመሪያ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። እህሉ ተበትኖ፣ በጉ ተለቆ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በቅጽበት ከሜዳው ጠፋ።

የአበራ ወንድም ሙጬ ከሬሳው ላይ እንኳ አቧራውን በደንብ ሳያራግፍ አውራጃ ሄዶ ከሰሰ። ዳኛም ቀን ቆረጠ። ፊታውራሪ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ጥይቱ የመጣው ከሕዝቡ መሀል ነው፣ እሱ የሚይዘው ነጭ ሽጉጥ ነው፣ በጥቁር ተተኩሷል የሚል ካለ ሌላ ገዳይ ይፈልግ። ገበያው ሙሉ ያየውን ለመመስከር እሺ ያለው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ።

ከችሎቱ በፊት ባለው ሳምንት ፊታውራሪ ወደ ባዘዘው ሱቅ መጣ። ጥቁሩን ሽጉጥ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ኒኬል አልብሰው።»

ባዘዘው ብረቱን አየው። አልነካውም። «ጌታዬ ነጭ አይወዱም ነበር።»

«ሰው ይለወጣል።»

«ብረትስ?»

«ብረቱን አንተ ትለውጠዋለህ» አለው ፊታውራሪ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «ይህን ካላደረግህ እህትህ ማን ይቀርላታል?»

ትርንጎ ከሐዘኑ በኋላ የምትኖረው ከወንድሟ ዘንድ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ነበር። ፊታውራሪ እንደሄደ ከጓዳ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይታ ባለችበት ቀረች።

«ወንድም ጋሼ፣ የአበራን ደም ልታጥብለት ነው?»

«እንቢ ብል ነገ እኔን ትቀብሪኛለሽ።»

ባዘዘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። አዲሱ ልባስ የሚይዘው የቀድሞው ጥቁር ከሥሩ ተፍቆ ሲወጣ ነው፤ እሱ ግን አይፍቀውም። እንዳለ ያለብሰዋል። ነጩ ለዓይን ያምራል፤ የሰው ጣት ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ይላጣል።

«ዳኛው በእጁ ሳይዘው አይቀርም» አላት።

ትርንጎ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለወንድሟ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች፤ እጁን ስማ ወጣች።

በችሎቱ ቀን ባዘዘው ከፊት ወንበር፣ ከሙጬ አጠገብ ተቀመጠ፤ ትርንጎ ከኋላቸው ነበረች። ፊታውራሪ ሽጉጡን ከነማህደሩ አቀረበ። ዳኛው አወጡት፤ አዳራሹ ውስጥ ብርሃን የገባ መሰለ። ገለባበጡት፤ አውራ ጣታቸው ጎኑን ጫን ሲለው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ስባሪ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከሥሩ የአዝራር ያህል ጥቁር ተገለጠ።

ፊት ያሉት ሁሉ አዩት። ሙጬ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ባዘዘው ጉልበቱን ይዞ አስቀመጠው። ዳኛው ጥቁሩን አዩ፤ ፊታውራሪን አዩ፤ በሩ ላይ የቆሙትን የፊታውራሪ ዘበኞች አዩ። ከዚያ ስባሪውን በመሐረባቸው ጠርገው መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱ።

«አቶ ጓንጉል፣ በዕለቱ ያዩት ሽጉጥ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር።»

«ይህንን ነው?»

«ይህንኑ ነው፤ አሁንም ጥቁር ነው። ጌታዬም እያዩት ነው።»

«ፍርድ ቤቱ የሚያየው ነጭ ነው» አሉ ዳኛው። የከተማውን ሽማግሌዎች ተራ በተራ ጠየቁ፤ ሁሉም ነጭ ነው አሉ። በመጨረሻ ባዘዘውን አስነሡት። «አንተ ባለሙያ ነህ። ይህ ምንድን ነው?»

ባዘዘው አፉን ከፈተ። ሊለው የፈለገው ብዙ ነበር። የእህቱን ዓይን ከጀርባው እያወቀ፣ የዘበኞቹንም ጠመንጃ በሩ ላይ እያየ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያልዋሸበትን አንድ ቃል መረጠ።

«ኒኬል ነው፣ ጌታዬ።»

ክሱ ተዘጋ። አቶ ጓንጉል በሐሰት መስክረዋል ተብለው ወኅኒ ወረዱ፤ ከዚያ የወጡት በቃሬዛ ነው። ሙጬ ከችሎቱ ወጥቶ ቤቱ ሳያድር ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ሸፈተ። ከከተማው በታች ባለው ገደል፣ የፊታውራሪ መንገድ በሚያልፍበት፣ ታየ የሚል ወሬ በየጊዜው ይመጣ ጀመር። ትርንጎ ሌላ መጠጊያ ስላልነበራት ከወንድሟ ቤት አልወጣችም፤ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ቃል ግን አትመልስለትም። ባዘዘውም ከሱቁ ደጃፍ ያለውን አግዳሚ አስነሣው። ስለ ሽጉጥ መልክ መስማት አልቻለም።

ክረምቱ ሲወጣ ፊታውራሪ ብቻውን በበቅሎ መጣ። የሙጬ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ዘበኞቹ አንዱ እናቱ ታማ፣ ሌላው እርሻ ደርሶበት፣ እየተሰናበቱት ሄደዋል። ሽጉጡን አወጣ። ነጩ በየቦታው ተገሽልጦ ለምጽ የወጣበት ይመስላል፤ ሊያዩት ያስጠላል።

«ያኔ ያደረግኸውን አላወቅሁም ብለህ ነው?» አለው። አልጮኸም። «እኔ ተላጥኩ እንጂ አንተ ምን ተጠቀምክ? ሁሉም አይቶ ነጭ ነው አለ። አንተም አልህ።»

ፊታውራሪ ያለው እውነት ነበር።

«አሁን በደንብ ፍቀህ ሥራው። እስኪጠራ ድረስ ከዚህ አልነሣም።»

ከበሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ባዘዘው ፋቀው። የአባትየው ጥቁር፣ የእጀታው ልስላሴ፣ የጭረቱ ምልክት ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። አጠበው፣ አሲድ ውስጥ ነከረው፣ አወጣው፣ አዲስ ኒኬል አለበሰው፣ በጨርቅ እያሸ ወለወለው። እጁ እንደዚያ ቀን ተሳክቶለት አያውቅም። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ያማረው እሱ ሆነ።

ፊታውራሪ ሽጉጡን ወደ ደጅ ይዞት ወጣ። ፀሐይ ወደ ገደሉ አዘቅዝቃ ነበር። አገላብጦ አየው፤ የራሱ ፊት ተጣሞ ታየው። «እህ?» አለ ወደ ባዘዘው ዞሮ። ባዘዘው መሬት መሬት ያያል።

ትርንጎ በዚያው ሰዓት የታጠበ ልብስ አጥሩ ላይ ልታሰጣ ከጓሮ መጣች። ፊታውራሪ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ፍረጂ። ሴት ለጌጥ ዓይን አላት። ባሌን ገደለ የምትዪው ይኼ ነው?» ሽጉጡን በመዳፉ ላይ አጋድሞ ዘረጋላት። «አሁንስ ጥቁር የሚታይሽ አለ?»

ትርንጎ እርጥቡን ልብስ በክንዷ እንደያዘች ቀረበች። ብረቱን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ በቅሎው የቆመበትን፣ ከበቅሎውም ወዲያ ሙጬ ታየ ወደሚባልበት ገደል ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ለረጅም ጊዜ አየች። ከችሎቱ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ባዘዘው ያየው ያን ጊዜ ነው።

«ጌታዬ፣ አበራ ጠርቷል» አለች። «እንግዲህ ይሂዱ።»