የነጩ መሀረብ ኮሚቴ

በዓለም ላይ መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ የሞተር ዘይትን ንጽህና በነጭ መሀረብ የሚቆጣጠር ቋሚ ኮሚቴ ያቋቋመው ግን የእኛ ብቻ ነው። እኔ የዚሁ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። መጪው ትውልድ እንዲኮራበት የሆነውን ሁሉ እንደሆነ እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት መኪና አለችው። ከአውሮፓ የመጣች፣ ብርማ ቀለም ያላት፣ በሯ ሲዘጋ እንኳ በጨዋ ደንብ የሚዘጋ ናት፤ «እመቤቲቱ» እንላታለን። አብሯት የመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ ወፍራም በመሆኑ በዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ለአበባ ማሰሮ ማስቀመጫነት ተመድቦ ያገለግላል። ከማሰሮው ሥር አውጥቶ ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ መካኒካችን ጋሽ ብሎን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮን ሲሠራ በመዝገብ ስሙ የጠራው ሰው አላውቅም። ማንበቡ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እመቤቲቱ ማንኮራፋት ጀመረች። ጋሽ ብሎን ኮፈኗን ከፈተ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ የዘይት መክደኛውን ፈቶ በባትሪ ውስጧን አየ። ከዚያም ከነቱታው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ሞተሯ ውስጡ አተላ ሞልቷል» አለ። «ስንት ዓመት ያገኘነውን ዘይት ስናጠጣት ኖርን። እንዲሁ ከተተወች አንድ ቀን ሞተሯ ይጣበቅና መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«እየሠራ ሞተር የሚያጸዳ ዘይት አለ። ለእነዚህ ለአውሮፓዎቹ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ መጽሐፏ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ከዚያ ውጪ አይሆናትም። እሱን እንሙላና ትነዳ፤ ቀስ እያለ ይጠርግላታል።»

ሥራ አስኪያጁ «ጽዳት» የሚለው ነገር ከተነሳ እንቅልፍ የላቸውም። የዚያ ዓመት መሪ ቃላችንም «ንጽህና ከውስጥ ይጀምራል» የሚል ነበር። ወዲያው ፈቀዱ፤ ግን ጽዳት ያለ ክትትል አይሆንምና መመሪያ አወጡ። ሾፌሩ በየማለዳው የዘይት መለኪያውን ብረት እየመዘዘ በነጭ መሀረብ ይጠርጋል፣ መሀረቡም በሸኚ ደብዳቤ ታጅቦ ቢሯቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን መሀረብ ወርቅ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ መሀረቡን ከፍ አድርገው፣ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። በሦስተኛው ሳምንት መሀረቡ ቡናማ ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት የድስት ቂጥ የተጠረገበት መሰለ። እመቤቲቱ ማንኮራፋቷን ትታ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያው ስለ ድምፅ የሚለው ነገር አልነበረም።

ጋሽ ብሎን ተጠራ።

«ይህ ዘይት ሲገዛ እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ማን አቆሸሸው?»

«ሞተሩ ነዋ።»

«ሞተሩን የሚይዘው ማነው?»

«እኔ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረው «ጻፍ» አሉ። ጻፍኩ።

«ኧረ እንደሱ አይደለም» አለ ጋሽ ብሎን። «ሥራ ላይ ስለነበረ ነው የጠቆረው። ልብስ ሲታጠብ ውሃው ይጠቁር የለም እንዴ?»

«በእኔ ቤት የሚታጠብ ልብስ ውሃ አያጠቁርም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ከአንጀታቸው ነበር።

«እሺ፣ አሁን እሱን እንድፋውና ማጣሪያ ፊልትሮውንም ዘይቱንም እንቀይር። ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ልዩነቱን ያያሉ።»

«ያቆሸሸ ሰው ሌላ ንጹህ ዘይት ይጨመርልኝ ሲል ሰምታችኋል?» ብለው ጠየቁ ሥራ አስኪያጁ። በቢሮው ውስጥ ከእኔና ከጋሽ ብሎን በቀር ሰው ስላልነበረ አልሰማንም ብዬ መለስኩ።

ነገሩን በጥናት ለመፍታት አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ገለልተኛ እንዲሆኑ መኪና መንዳት ከማይችሉ ሰዎች መካከል ተመረጡ። ኮሚቴው ሳይታክት ሠርቶ ታላቅ ግኝት ላይ ደረሰ፦ ከዚያው ዘይት አንድ ጣሳ መጋዘን ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። ቢከፈት ወርቅ! ስለዚህ ዘይቱ ጥፋት የለበትም። ሾፌሩ አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠየቅ «እንዳይቆሽሽ ከሆነ የምትፈልጉት አለማስነሳት ነው» ብሎ አሾፈ። አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። አባባሉ «የባለሙያ ምክር» በሚል ርዕስ ሥር ሰፈረ።

ውሳኔው ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ እመቤቲቱ አዲስ ዘይት ተሞልቶላት፣ የዘይቱን ክብር ለመጠበቅ ሞተሯ አይነሳም። ሁለተኛ፣ ጋሽ ብሎን «ንጹህ ዘይትን ለቆሻሻ በማጋለጥ» ከሥራ ይሰናበታል።

ደብዳቤውን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ጋራዡ ውስጥ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ በየመጠናቸው ይደረድር ነበር። አንብቦ ጨረሰና አጠፈው።

«አንተ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ።

አውቅ ነበር። መጽሐፉን ከማሰሮው ሥር ስቦ ገጹን ያሳየኝ እሱ ነው። አፈርኩ፤ ከማፈሬ የተነሳ ውሳኔውን የጻፍኩበትን ብዕር እንኳ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩ። ግን አልተናገርኩም። ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት የለውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት ወራት የመሥሪያ ቤታችን ወርቃማ ዘመን ናቸው። በየማለዳው መሀረቡ ወርቅ። ሥራ አስኪያጁ በእግራቸው እየመጡ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ የመኪናችንን ንጽህና ያደንቃሉ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ። ከላይም መልስ መጣ፦ የቦርዱ ሰብሳቢ በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ፤ ከአየር ማረፊያ በዚያችው መኪና ይወሰዱ።

በዕለቱ ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ባትሪው ሞቷል። እመቤቲቱ ድምፅ ከረሳች ቆይታለች።

«ትገፋ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። አምስቱ የኮሚቴ አባላት ኮታቸውን እንደለበሱ ገፉ። ሥራ አስኪያጁም ሰዓታቸውን አይተው ገቡበት። የአምስት ወር አቧራና የጋራዥ ቅባት ከጀርባዋ እየተላጠ እጃቸው ላይ፣ ከእጃቸው ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎን ከጎን እየሄድኩ የተሳትፎውን መጠን እመዘግብ ነበር።

በአራተኛው ዙር አንዲት አሮጌ መኪና በሩን አልፋ ገባች። የእመቤቲቱ ታላቅ እህት ናት፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ ግን ድምፅ የላትም፣ ተንሸራታ የመጣች ትመስላለች። ከኋላ ሰብሳቢዋ ወረዱ። ከፊት ጋሽ ብሎን ወረደ።

«የሚቀበለኝ ባጣ፣ አየር ማረፊያ በር ላይ ሰው የሚያመላልሰው ይህ ሰው አመጣኝ» አሉ ሰብሳቢዋ። «የወንድሙን መኪና ከወደቀችበት አንስቶ በማጽጃ ዘይት ነው ያዳናት አሉ። እንዲህ ያለች ዝምተኛ መኪና አላየሁም። ለመሆኑ ያ የተመሰገነው ዘይት የታለ?»

ሥራ አስኪያጁ መሀረቡን ዘረጉ። ወርቅ። ሰብሳቢዋ ወደ ጋሽ ብሎን ዞሩ። እሱም የራሱን መለኪያ መዝዞ በጨርቅ ጠረገ፤ ጥቁር ቡናማ ወጣ።

«የእርስዎ ለምን አልቆሸሸም?» አሉ ሰብሳቢዋ ሥራ አስኪያጁን።

«አናስነሳትም፣ ክብርት ሰብሳቢ» አሉ ሥራ አስኪያጁ በኩራት።

 የሰብሳቢዋ ዓይን ወደ ሥራ አስኪያጁ እጅ ወረደ፤ እስከ ክርን ጥቁር ነበር። ቀጥለው አምስቱን አባላት አንድ በአንድ አዩ።

«እጃችሁ ምን ሆኖ ነው?»

«ሥራ ላይ ስለነበርን ነው የጠቆረው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ቃል በቃል የጋሽ ብሎን ንግግር ነበር። ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ አረጋገጥኩ። ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጎማ ማየት ጀመረ።

ጋሽ ብሎን አልሳቀም። ከኪሱ ሌላ ጨርቅ አውጥቶ ለሥራ አስኪያጁ ሰጣቸው። «በጋዝ ካልሆነ አይለቅም» አላቸው።

ሰብሳቢዋ የስንብቱን ነገር ከሾፌሩ ሰምተው ጋሽ ብሎንን በዚያው ቀን ወደ ሥራው እንዲመለስ ጠየቁት። አስቦ «ጠዋት እገባለሁ፤ መጽሐፉን ግን ከማሰሮው ሥር አውጡልኝ» አለ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ዛሬ ጥቁር እጅ ነው የምጨብጠው» እያሉ ከሥራ አስኪያጁ ጀምረው አንድ በአንድ ጨበጡ።

የቀረሁት እኔ ነበርኩ። በግቢው ውስጥ ካለ እጅ ሁሉ ንጹህ የነበረው የእኔ ብቻ ነው። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።