ትጉሁ ባለዕዳ

የተማረውን ሁሉ በዚያው ቀን ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እግዜር ይጠብቃችሁ። ጎረቤቴ ግርማ እንደዚያ ነበር። በደርግ ጊዜ ፒያሳ ያለው ቀበሌያችን ከዕዳ መውጫ ትምህርት ሲሰጥ የፊት ወንበር ያዘ። አስተማሪው «አበዳሪዎቻችሁን ከነገንዘቡ መዝግቡ» ቢል፣ ግርማ እዚያው እኔን ጨምሮ የአራት ሰው ስም ከነብሩ ደብተሩ ላይ መዘገበ።

በሳምንቱ ቤቱ ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ። በዚያ ዘመን የስምና የብር ዝርዝር ምን ይመስላል? የድብቅ ድርጅት መዋጮ ነዋ! አራታችንም ቀበሌ ተጠራን። ማበደራችንን ካልመሰከርን ግርማ መታሰሩ ነው፤ ከመሰከርን ደግሞ እኛስ?

«ታውቁታላችሁ?» አለ አብዮት ጠባቂው ወደ ግርማ እየጠቆመ።

«በመልክ ብቻ» አለ አንዱ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እኔ፣ ሃያ ብር ያበደርኩት ጎረቤቱ፣ «ከሰላምታ አናልፍም» አልኩ።

የቀረው፣ ግርማን በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያዋርደው ባለ ልኳንዳው በየነ ነበር።

«ይሄ ቀጣፊ የፋሲካ ሥጋዬን በልቶ ሲሸሸኝ ከረመ!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ብሬን ሳይከፍል ማን አባቱ ነው የሚያስረው?»

ጠባቂው ሳቀ፤ ግርማም ተለቀቀ።

በደመወዙ ቀን ደጄ ላይ ቆሞ ሃያ ብር ዘረጋልኝ። «እትዬ፣ ይቁጠሩት» አለኝ። ተቀበልኩት፤ ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።