እንኳን ደስ አለዎት፣ ሼዱን ያስረክቡ

እኔን ከኑሮ ውድነቱ ይልቅ የሚያበግነኝ የኑሮ ውድነቱ ቋንቋ ነው። ዋጋ ጨመረ አይባልም፤ «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» ነው የሚባለው። እስከ ዛሬ ወደ ታች የተስተካከለ ዋጋ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ይጠቁመኝ፣ በእግሬ ሄጄ ልየው። ሥራ አጥ የሚባል ሰውም አገር ውስጥ የለም፤ ሁሉም «ሥራ ፈላጊ» ሆኗል። በአንድ ወቅትማ መሥሪያ ቤቱ ቦታ ያሳጣው ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ተብሎ ነበር። ቡሽ ይመስል!

ለነገሩ ቃል ምን ያመጣል ብዬ ለዓመታት ዝም ብያለሁ። ጠዋት ሬዲዮው «ገበያ መር»፣ «ክህሎት መር»፣ «ትስስር»፣ «ሽግግር» እያለ ሲያንቆረቁረው፣ እኔ ዳቦዬን በሻይ እያጠቀስኩ እሰማና ክርና ቁልፍ ወደምሸጥባት ሱቄ እሄዳለሁ። ዘይነባ ላይ የደረሰውን እስካይ ድረስ ማለቴ ነው።

ዘይነባ ጎረቤቴም ደንበኛዬም ናት። ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ ለተደራጁ ሰዎች በሚሰጥ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። በተዋሰችው አንድ የስፌት መኪና ጀምራ አራት ሴቶች ቀጥራ እስከማሠራት ደርሳለች። የምትቆርጠው ራሷ ናት። የልጅ ሱሪ ስትቆርጥ እግሩ ላይ ሰፋ ያለ እጥፋት ትተዋለች፤ «ልጅ ይመዘዛል፣ እናቱ ትፈታዋለች» ትላለች። የሰፈሩ እናቶች የሚወዷት ለዚህ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አዳራሽ ተጠራች። «ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ የተሸጋገሩ ኢንተርፕራይዞች» የሚመረቁበት ቀን ነበር። «ጋሼ፣ ይምጡና ያጨብጭቡልኝ» ብላ እኔንም ወሰደችኝ። ሙዚቃው፣ የፕላስቲክ አበባው፣ መስታወት የገባለት የምስክር ወረቀት፣ ምንም የጎደለ አልነበረም። ስሟ ሲጠራ አለቀሰች። እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ ይሄ የሬዲዮ ቋንቋ አንዳንዴ እውነትም ይናገራል አልኩ።

ምን ዋጋ አለው። ነሐሴ እንደገባ ክራባት ያሰረ ባለሙያ ሼዶቹን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ተልኮ ሼዱ በር ላይ ቆመ። ነሐሴ ለዩኒፎርም ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ትምህርት ቤት ያዘዘው ሥራ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ እኔም ክር ላደርስ መጥቼ እዚያው ነበርኩ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አላት። «ተሸጋግረዋል። ስለዚህ ሼዱን ለተተኪዎች ያስረክባሉ።»

«ወዴት ነው የተሸጋገርኩት?»

«ወደ አነስተኛ።»

«እሱ ደግሞ የት ሰፈር ነው ወንድሜ? መኪኖቼን ጭኜ ልሂዳ!»

ሰውየው አልሳቀም። ሼድ የሚሰጠው ለጀማሪ ነው፣ ያደገ ወጥቶ በራሱ ይቆማል፣ ደንቡ ይኸው ነው አለ። አስቡት እንግዲህ። መኪናዋ ዝጎ፣ ሴቶቹን በትና፣ እሷም እዚያው ስታንቀላፋ ብትገኝ ኖሮ «ድጋፍ ያስፈልጋታል» ተብላ ትቀመጥ ነበር። ሌላውም ቦታ ይፈልጋል፣ አልካድኩም። ግን ያፈራ ዛፍ ነቅሎ በጉድጓዱ ችግኝ መትከል ልማት ነው ያለው ማን ነው? ደሜ ፈላ። ቢሯቸው ድረስ አብሬያት ሄጄ ጮህኩ። «አባቴ፣ ይረጋጉ፤ ይሄ የመውጫ ስትራቴጂ ነው» ብለው ሸኙኝ።

ወጣች። ከስፌት መኪኖቿ ሁለቱ አልጋዋን ወደ ግድግዳ ገፍተው ቤቷ ገቡ፤ የቀሩት እኔ በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሰው ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱ ሥራው ሲዘገይበት ለሌላ ሰጠው። ከሴቶቹ ሦስቱ ቤታቸው ዋሉ፤ አንዷ ታክሲ ተራው አጠገብ ሎሚ ዘርግታ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ትሮጣለች። እሷን በሬዲዮው ቋንቋ ምን እንደሚሏት አላውቅም። እንዲያ የተቸኮለለት ሼድ ደግሞ እስከ ጥር ተቆልፎ ከረመ።

በየካቲት ተተኪዎቹ ገቡ። ገና የተደራጁ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ምን አጠፉ? በዚያው ሰሞን ለዘይነባ ተደወለላት። «ሞዴል» ስለሆነች ለአዲሶቹ ተሞክሮዋን እንድታካፍል ተጋብዛለች። የት? እዚያው ሼድ ውስጥ። አትሄድም ብዬ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ያ ባለክራባት ማይክራፎኑን ሰጣትና «እህታችን የዕድገቷን ሚስጥር ትነግረናለች» አለ።

ዘይነባ ድሮ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ የነበረበትን ጥግ አየት አደረገች።

«እኔ የምመክራችሁ፣ እንዳታድጉ» አለች። «ማደጋችሁ ካልቀረ ደግሞ በሩን ዘግታችሁ እደጉ። ሰው እንዳያያችሁ።»

ልጆቹ መሳቅ ጀምረው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገንቢ አስተያየት ነው። እንደ ግብዓት እንወስደዋለን።»

«ውሰዱት» አለች ዘይነባ። «ሼዱንም ወስዳችኋል።»

ማይክራፎኑን አስቀምጣ፣ ለሻይ ሰዓት የተደረደረውን ብስኩት አልፋ ወጣች።