ሲሞን አባ ነገ በካርቶን እንጦጦን የወረዱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ክረምት ጓዙን ጠቅልሎ በሄደበትና የቤቱ መኪና ቪትዟ አዲስ የፍሬን ሸራ ባገኘችበት ዓመት፣ የሲግናል ሰፈር የሦስተኛ ፎቅ ገዥ፣ የእቴጌ ጵርስቅላ ባል፣ የልዕልት ወንጌልና የአልጋ ወራሽ ቅዱስ አባት፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነገ የተባሉት ሲሞን ያደረጉትን ጀብዱ እንጽፋለን፤ የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማም ቢሆን ስልኩን አስቀምጦ ጥቂት ይታገሠን።

አባ ነገ መባላቸው በጦር ሜዳ አይደለም፣ በሳሎን ነው። ሲሞን በልጅነታቸው በካርቶን ላይ ተቀምጠው ሣር ለሣር ቁልቁል ሸርተቴ ሲወርዱ በሰፈሩ የሚስተካከላቸው እንዳልነበረ ለልጆቻቸው ሲመሰክሩ ኖረዋል፤ ከራሳቸው በቀር ግን ሌላ ምስክር አልተገኘም። ልጆቹም ይህን ሰምተው እንጦጦ ወጥተን እንንሸራተት ባሉ ቁጥር ሲሞን ነገ ይሏቸው ነበር፤ ነገ ሲመጣ ስብሰባ ይመጣል፣ ስብሰባው ሲቀር ዝናብ ይመጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ይመጣል፤ እንዲህ እንዲህ ሲባል ልጆቹ ካልሲ ጠበባቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገቡት ልዕልት ወንጌል ወንበር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "ሁላችሁም ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ አባዬ የሚለውን አላምንም። አባዬ ነገ ካለ አይሆንም ማለት ነው። እውነት የሆነውን ነገር ማሚን ነው የምጠይቃት!" አልጋ ወራሽ ቅዱስም የአዋጁ ነገር ባይገባቸውም ማንኪያቸውን በሳሕን ላይ ደብድበው አጸደቁ።

ሲሞን መጀመሪያ ሳቁ፤ ከእርሳቸው በቀር ግን የሳቀ አልነበረም። ሰው በአደባባይ ቢዋረድ ቤቱ ይገባል፤ በቤቱ የተዋረደ ወዴት ይግባ? አበው የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለዋል፤ በዚያች ማታ ግን የተናገሩትም የወለዱትም ባንድ ላይ ከእጃቸው ሊወጡ ሆነ። ስለዚህ ሲሞን ደረታቸውን ነፍተው "ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጦጦ ላይ በካርቶን ካልተንሸራተትን አባዬ አትበሉኝ!" ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ልዕልቲቱም ነገ የሚለውን ቃል ሰምተው ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ።

በማግሥቱ በዕለተ ቀዳሚት ነጋሪት ሳይጎሰም፣ የቪትዟ ጥሩንባ ብቻ እየተነፋ፣ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት የቴሌቪዥኑ ካርቶን ሄደ፤ ይህም ካርቶን እቴጌ ጵርስቅላ ቤት ስንቀይር ይጠቅማል ብለው ከሶፋው ጀርባ ደብቀው ያኖሩት ነበር፣ ባላቸውም ከብዙ ልመና በኋላ ተረክበው በቪትዟ ጣሪያ ላይ በገመድ አሰሩት። ከእርሱም ቀጥሎ ለእንጦጦ ብርድ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሹራብ፣ የአልጋ ወራሹ ፖፖ፣ ሶፍት፣ እርጥብ ሶፍት፣ እርጥቡ ሶፍት ቢያልቅ ሌላ እርጥብ ሶፍት፣ ጭንቅላቱ የተነቀለ የላስቲክ ዳይኖሰር፣ አየር የሌለው ኳስ፣ በመጨረሻም የግራ እግር ጫማቸውን በቀኝ ያጠለቁት አልጋ ወራሽ ራሳቸው ተከተሉ። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል አድርገው ዳገቱን ሲጀምሩ ቪትዟ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፤ አንድ አህያም ቀድሟት አለፈ። ጸሐፌ ዜና ይህን ሊጽፍ አልወደደም ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ልዕልቲቱ አይተዋል።

ወእምዝ ታላቁ ስሕተት ሆነ። እቴጌ ጵርስቅላ ለአክስታቸው ለእመት ወለተማርያም ስልክ ደውለው "በዚያ ስናልፍ ሰላም ብለንሽ እናልፋለን" ብለው ነበርና። አቤት! ከጥንት ጀምሮ ሰላም ብሎ አልፋለሁ ያለ ብዙ ነው፤ ያለፈ ግን ከቶ አልተሰማም። እመት ወለተማርያም ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ ድንችና ጎመን እየተከሉ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸው ግን ያልሞተ ሴት ናቸው፤ በቤታቸው ገብቶ ሳይበላ የወጣ የለም፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ ቀበቶውን አላልቶ ነው የወጣው።

ሲሞንም ሠራዊታቸውን ይዘው በዚያ ግቢ ሰፈሩ፤ እንደ ሰፈሩም ተከበቡ። መጀመሪያ ድፎ ዳቦ መጣ፣ ከዳቦው ኋላ እርጎ፣ ከእርጎው ኋላ ቅቅል ድንች ከነአዋዜው። ሲሞን ጠገብኩ በሚል ምሽግ ውስጥ ቢገቡም እመት ወለተማርያም በሞቴ የሚለውን መድፍ ተኩሰው ምሽጉን አፈረሱት፤ አፈር ስሆን የሚለውን አስከተሉ፣ ይቺን ብቻ የሚለውንም ሰባት ስምንቴ ደጋግመው አዘነቡ። የሲሞን ጉንጭ በጉርሻ ተወጥሮ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ በአፋቸው መልስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ታጣ።

ይህ ሁሉ ግን ገና መክሰስ ነበር፤ ዋናው ምሳ በሕይወት ነበረች። በበሩ ፊት አንዲት ገብስማ ዶሮ በእግሯ ታስራ ትንቆራጠጥ ነበር፤ በሀገሩ ልማድ ዶሮን ሴት አታርድምና ወንድ ያስፈልግ ነበር፣ ጎረቤትየው አቶ አካሉም ወደ ራጉኤል ማዶ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሲሞን እኔ አለሁ አይደል ብለው ቢነሡ፣ እመት ወለተማርያም ኮምፒውተር ሲነካካ የኖረውን ጣታቸውን አገላብጠው ካዩ በኋላ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "ዶሮዋን አካሉ ያርዳታል። እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የሚል ሰው እንዳላይ! ሽንኩርቱን ጀምሬዋለሁ!" የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እስኪበስል ሀገር እንደሚመሽ ያልተረዳ ካለ እናቱን ይጠይቅ።

ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ወደ ምዕራብ ዘንበል አለች፤ አቶ አካሉ አልመጡም። አልጋ ወራሹ ከዶሮዋ ጋር ዳቦ እየተካፈሉ ወዳጅነት መሠረቱ። ልዕልት ወንጌል ግን ካርቶኑን ከቪትዟ ጣሪያ አስወርደው፣ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፣ አልጠየቁም፣ መቼ ነው አላሉም፤ ልክ የሚሆነውን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ዝም ብለው ዳገቱን ያያሉ። ሲሞንን ያቃጠላቸው ይህ ነው። ቢያለቅሱ ከረሜላ ይገዛ ነበር፤ ለዝምታ ምን ይገዛል?

በዚህ ጊዜ እቴጌ ጵርስቅላ ለባላቸው በዓይናቸው ጠቀሱ፤ የጠቀሱትም የአባት የእናት መሣሪያ የሆነውን፣ ከእንዲህ ያለ ከበባ ብዙዎችን ያወጣውን፣ ስንመለስ እንገባለን የተባለውን የጨዋ ውሸት ነው። ይህ ቃል ከተነገረ ባለቤቲቱ እሺ በማርያም ብለው ይሸኛሉ፣ እንግዳውም በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ማንም አይቀየምም፣ ማንም አያምንም። ሲሞንም አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ልዕልቲቱ ከድንጋዩ ላይ ቀና ብለው አባታቸውን ተመለከቱ። ሲሞን አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ከዚያም ተነሥተው ቆሙና በዚያ አገር ተሰምቶ የማያውቀውን አዋጅ አወጁ።

"እትዬ ወለተ፣ እውነቱን ልንገርዎት! ስንመለስ አንገባም። ይመሻል፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይተኛሉ፣ እኔም ሰበብ እፈጥራለሁ። ለዚች ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናንሸራትትሻለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ እስከ ዛሬ የገባሁላትን ሁሉ በልቻለሁ። ይቅርታዎን፤ እኛ መሄዳችን ነው። እርስዎም ዳቦዎን ይያዙና አብረውን ይውጡ!"

የሽንኩርቱ ቢላዋ ቆመ። እቴጌ ጵርስቅላ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ የታሰረችላቸውን ዶሮ ጥሎ መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ባለቤቲቱን ከገዛ ቤታቸው ተነሡ ማለት ግን ምን ይባላል? እመት ወለተማርያም የእህታቸውን ልጅ ባል ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው፣ ደግመውም አዩዋቸው፣ ሲሞንም በዚያች ቅጽበት አጠሩ። ኋላም እመት ቢላዋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "በዚህ በር ስንመለስ እንገባለን ያለኝ ስንቱ ነው! እህቴ ብላኛለች፣ የክርስትና ልጄ ብሎኛል፣ ወጥ አሙቄ ያመሸሁበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው። ፊት ለፊት አንመጣም ያለኝ ይኼ ጴንጤ ብቻ ነው! ሽንኩርቱን ክደኑት። ዶሮዋም ለዛሬ ተምራለች። ተነሡ፣ ምን ትገተራላችሁ!"

ዶሮዋም ምሕረት ወጥቶላት በእግሯ ሄደች፤ አልጋ ወራሹም እልል አሉላት። ከዚያ ወዲያ የጦሩ መሪ ማን እንደ ሆነ ባይጠየቅ ይሻላል። እመት ወለተማርያም የቀረውን ድፎ በነጠላ አዝለው ፊት ፊት ወጡ፣ ልዕልቲቱ ካርቶኑን በራሳቸው ላይ ደፍተው ተከተሉ፣ ሲሞን አልጋ ወራሹን በትከሻቸው ተሸክመው እያለከለኩ፣ እቴጌም ፖፖውን አንጠልጥለው ከኋላ። ቪትዟን ከታች ትተው በባሕር ዛፉ መካከል አቋርጠው፣ ሣሩ ወደ ቢጫ ከዞረበት መስክ ደረሱ፤ ፀሐይም ከተራራው ጫፍ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታት ነበር፣ ብርዱም ጆሮ መቆንጠጥ ጀምሯል።

ካርቶኑ በቁልቁለቱ አናት ላይ ተዘረጋ። ሲሞን እግዚአብሔር ይመስገን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እመት ወለተማርያም እሰይ ምንጣፍ ብለው እላዩ ላይ ተቀመጡበት። ተቀምጠውም አልቀሩ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዳቦውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ኑ ቅመሱ አሉ። እንግዲህ ምን ይደረጋል! ታላቅ ሰው የተቀመጠበትን ተነሡ የሚል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚደፍር የለም፤ ሲሞንም የዛሬ ድፍረታቸውን ጨርሰዋል። ልዕልት ወንጌል ፀሐይዋን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ፣ አባታቸውን አዩ።

ያን ጊዜ ሲሞን ድፍረት ቢያልቅባቸው ተንኮል አላለቀባቸውም። ልዕልቲቱን አንሥተው በእመት ጭን ላይ አስቀመጡ፤ እመትም የታቀፉ መስሏቸው ደስ አላቸው። አልጋ ወራሹን ከልዕልቲቱ ፊት ሰኩ። ከዚያም ራሳቸው ከእመት ጀርባ ቀስ ብለው ተቀምጠው "እትዬ፣ ልጆቹን አጥብቀው ይያዙ!" ብለው አውጀው፣ መሬቱን በሁለት ተረከዛቸው መቱት።

ኦ አንባቢ፣ ያን አወራረድ በምን ቃል ልጻፈው! ካርቶኑ ተፈናጠረ፣ ሣሩ ጮኸ፣ የሲሞን አንድ ጫማ በመንገድ ቀረ፤ እመት ወለተማርያም ኪዳነ ምሕረት እናቴ ሲሉ፣ ልዕልት ወንጌል ኢየሱስ ጌታ ሲሉ፣ አልጋ ወራሹ ደግሞ ዶሮዬ ሲሉ፣ በሰፈሩ የሚስተካከላቸው ያልነበራቸው ሲሞን ከሁሉ አብልጠው ኡኡ አሉ። ድፎ ዳቦውም ክብ ነውና እየተንከባለለ ቀደማቸው። ከታች ከደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ከላይ የእቴጌ ጵርስቅላ ድምፅ ጌታ ሆይ ድረስ ይሁን ወይ ሳቅ ይሁን አልለይ አለ።

ሲሞን ቀስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። የባልቴት አጥንት ሰብሬ ይሆን ብለው ነፍሳቸው በእጃቸው ነበረች። እመት ወለተማርያም ከሻሻቸው ላይ ቅጠል ነቀሉ፣ ነጠላቸውን አራገፉ፣ ጉልበታቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያም ጣታቸውን ወደ ዳገቱ ቀስረው የዕለቱን የመጨረሻ አዋጅ አወጁ፦ "አንዴ ድገሙኝ!"

ደገሟቸው። ካርቶኑ ካርቶን መሆኑ እስኪቀር፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ፣ ከጫካው ጅብ እስኪያዜም ድረስ ደጋገሙት፤ ዳቦውንም ቅጠሉን እያራገፉ፣ እመት እያማተቡ፣ እነ ሲሞን ዓይናቸውን ጨፍነው ጸልየው፣ ሁሉም በየመንገዱ አመስግኖ በላው።

በማግሥቱ በዕለተ እሑድ፣ ከአምልኮ መልስ፣ ሲሞን ወገባቸው እምቢ ብሎ ሶፋው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ሳሉ፣ ከግቢው የልዕልት ወንጌል ድምፅ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ። የሕንፃው ልጅ ሁሉ ተሰብስቦላቸው እንዲህ ሲሉ ያውጁ ነበር፦ "የሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ ሁላችንንም እንጦጦ ይወስደናል! ካርቶን የሌለው ከሱቅ ይለምን! አዎ፣ ሁላችንንም! ምን መሰላችሁ፣ አባዬ ካለ አለ ነው!"

ሲሞን ይህን አላሉም ነበር። በሕልማቸውም አላሉትም። ወገባቸውን ይዘው እየተሳቡ እስከ በረንዳው ደርሰው፣ አላልኩም ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ቁልቁል ቢመለከቱ ልዕልቲቱ አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው በድንጋይ ላይ ቆመዋል። ሲሞንም ወደ ውስጥ ተመለሱ፣ ቪትዝ ስንት ልጅ ትችላለች ብለው እቴጌዋን ጠየቁ።

እነሆ ሲሞን፣ የሲግናል ኩራት፣ የከበባ ሰባሪ፣ የዶሮ መሓሪ፣ የእመት ወለተማርያም ገፊ፣ በልጃቸው ዘንድ ታምነው የተገኙ አባት! ሌሎች ነገሥታት ሀገር ገዝተው ይመሰገናሉ፤ እርሳቸው ግን ያላሉትን እንኳ እንደ ተናገሩ ተቆጠረላቸው፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ከወዴት ይመጣል፣ ከዚህ የሚከብድ ሸክምስ ከወዴት? ፈጣሪ እስከ ቅዳሜ ወገባቸውን ያጽናልን፤ አሜን።